በደር ያልሞተው ንጉሥ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ «የቼዝ ውድድር አለብኝ፣ ካልመጣሽልኝ እቀየምሻለሁ» ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ፣ በየሰሌዳው አጠገብ ሁለት ፊት ያለው ሰዓት። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ጭጭ ብለዋል፤ ከሰዓቱ ቀጭ ቀጭ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። እኔም ትንሽ ታገሥኩ። የልጅ ልጄ በፈረሷ የዚያችኛዋን ልጅ አንድ እግረኛ ስትበላባት ግን አላስቻለኝም። «እሰይ! ብዪባት! ወታደር አልቆባታል፣ እናቷን ትጥራ!» አልኩ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንድ መነጽር ያደረገ አስተማሪ እየተሽቆጠቆጠ መጣና «እማማ፣ እባክዎ፣ ዝም ካላሉ ውጭ ይጠብቁን» አለኝ። ዝም? ሰንጠረዥ በዝምታ? ወይ ጉድ! ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ብቻዬን ተናደድኩ። ከዚያ ወዲያ ንዴቴ ልጆቹን ተወና ወደ ሌሎች ሁለት ሰዎች ዞረ። ሁለቱም ዛሬ አፈር ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር እንጂ እኔ እስከ ዛሬ አልማርኳቸውም።

ያኔ ከተማዋ አዳማ ነበረች፤ ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልወጣላትም። ከተማ ካሏት ነው እንግዲህ! የባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የግሪኩ ሱቅ፣ ቀጥሎ የዐረቦቹ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ። ነፋሱ ሲነሳ አቧራው የሰውን ዐይን ብቻ ሳይሆን ወጥ ውስጥም ይገባል። ባቡሩ ሲመጣ ከሩቅ ይጮኻል፤ የሰማ ሁሉ፣ ዘመድ ይኑረው አይኑረው፣ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ጣቢያው ይወርዳል። በአንድ ጠገራ ብር የሰባ ሙክት ይገዛ ነበር ብላቸው የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እንደ ቆዳ የደረቀ አቡጀዲ በክንድ እየተለካ ይሸጥ ነበር፤ አዲሱን የለበሰ ሰው ሲራመድ ከሩቅ ይንኮሻኮሻል። ወንዶቹ ጠባብ ሱሪያቸውን፣ እጀ ጠባባቸውን ለብሰው፣ ከላይ ጥቁር ካባ ደርበው፣ በዚያ ሙቀት ላባቸው እየተንጠባጠበ የወፍራም ሱፍ ባርኔጣ ይደፋሉ። ባርኔጣ የሌለው ወንድ እንደ ወንድ አይቆጠርም ነበር። ዐረቡ ሻይ በትንንሽ ብርጭቆ ይሸጣል፤ አንዱን ብርጭቆ ለሁለት የሚጠጡትም ነበሩ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ልጅ ተቀምጦበታል። ባለፈው ቆሜ ሳይ «ማዘር፣ የስንት ልስጥዎ?» አለኝ። ምንም አትስጠኝ አልኩትና ሄድኩ።

ከጣቢያው በስተጀርባ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንጠረዥ ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ ከሞጆ ባቡር ተሳፍሮ የመጣውም፣ ከደራና ከመቂ በበቅሎ የመጣውም። ገበታው እንደዛሬው እንጨት አይደለም፤ ቀይ ጨርቅ ነው፣ በጥቁር ክር ስምንት በስምንት ቤት ሆኖ የተሸነሸነ። ጠጠሮቹ ከቀንድ የተጠረቡ ናቸው፤ ንጉሡ፣ አማካሪው ፈርዝ፣ ዝሆኑ ፊል፣ ፈረሱ፣ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ደር፣ ከፊት ደግሞ ተራው ወታደር መደቅ። ሁለቱ ሰዎች ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሌላው ሁሉ ከላያቸው ቆሞ ይጮኻል። መጮኹ ደንቡ ነበር። «እዚህ ጋ ና!» ይላል አንዱ፣ «አትስማው፣ ሊያስበላህ ነው!» ይላል ሌላው። የሚጫወቱትም እጃቸው አንድ ነገር ሲያነሳ አፋቸው ሌላ ነገር ይጥላል፤ ስለ ባላንጣው ዘር፣ ስለ ባላንጣው አፍንጫ፣ ስለ ባላንጣው በቅሎ። አንድ መሰንቆ የያዘ አዝማሪም አይጠፋም፤ የፈዘዘውን ሰው አይቶ፦

«ፈረሱን አስሮ ሰውየው ተኝቷል፣
የጎረቤት ዝሆን አጥሩን አልፎ መጥቷል!»

ሲል ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ይሄ ሁሉ ስድብ ጨዋታው ሲያልቅ ያልቃል። ጠጠሮቹ ወደ ከረጢታቸው ሲገቡ ስድቡም አብሮ ይገባል። ቢያንስ እንዲያ ነበር የሚባለው።

እኔ ጨዋታውን ያወቅኩት በቤቴ ነው። አባቴ በመኳንንት ቤት ያደገ፣ ሲጫወት ያረጀ ሰው ነበር፤ እናቴ ወይዘሮ የሺመቤት ደግሞ አባቴን ትረታው ነበር፣ ይህንን ግን ከቤት ውጭ ማውራት አይፈቀድም። አባቴ ሲሞት ቤቱም፣ የኬላ ሹምነቱም፣ ኩራቱም ለታላቅ ወንድሜ ለጥላዬ ተላለፈ። እኔ ደምሴን አግብቼ ከሐዲዱ ማዶ ገባሁ። ደምሴ ጣቢያው ላይ ጭነት መዛኝ ነበር፤ ቁመናው ያማረ፣ እጁ የማይሰስት፣ አፉ ግን መዝጊያ የሌለው። ጥላዬ ደግሞ የተናገሩትን አይረሳም፤ የዛሬ አሥር ዓመት ያሉትን ከነሰዓቱ ይነግራችኋል። ሁለቱም ሰንጠረዥ ይወዳሉ፣ ሁለቱም መካከለኛ ናቸው፣ ሁለቱም ግን ከኔ በላይ ላሳር ይላሉ። እንግዲህ አስቡት።

የሰንጠረዥ አጀማመር ዛሬ እንደማየው «አንዴ አንተ፣ አንዴ እኔ» አልነበረም። መጀመሪያ ወረራ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ተራ ሳይጠባበቁ፣ ያሻቸውን ያህል ጠጠር በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። እጅ ከእጅ ይጋጫል፣ አቧራ ይነሳል። አንዱ የሌላውን ጠጠር በልቶ «በላሁ!» ሲል ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው። በአንድ የመስቀል ሰሞን ጥላዬና ደምሴ ሲጫወቱ ጥላዬ መደቅ በላና «በላሁ!» አለ። በዚያችው ቅጽበት የደምሴ ፈረስ በእጁ ነበር። አረፈ ወይስ አላረፈም? ይኸው ነው ጠቡ። ሌላ ምንም የለም!

«ፈረስህ አየር ላይ ነበር፣ መልሰው!» አለ ጥላዬ።

«እግሩ መሬት ነክቷል!» አለ ደምሴ።

«መልስ አልኩህ፣ የሚዛን ሌባ!»

«ሌባ አልከኝ? ሌባስ ኬላ ላይ ቆሞ የድኻ ጨው ሲቀማ ያረጀው አባትህ!»

ስለ አፍንጫና ስለ በቅሎ መሳደብ ሌላ፣ የሞተ አባት ማንሳት ሌላ። ጥላዬ ተነሳ። ገበታውን በእግሩ ገለበጠውና «ያባቴን አጥንት የሰደበ ሰው በደጄ አይለፍ! ከማዕዱ የበላ ሁሉ አይለፍ! እኅቴም ብትሆን!» ብሎ ማለ። ደምሴም እሺ ብሎ ይቅር? እሱም ተነሳ። «ሚስቴ ያንን ደጅ በረገጠች ቀን ሚስቴ አይደለችም! እመብርሃን ትመስክር!» አለ። እኔ እዚያው ለባሌ ያመጣሁትን ዳቦ በጨርቅ ይዤ ቆሜያለሁ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይላሉ፤ እነዚህ ግን ዝሆንም አልነበሩ፣ ሁለት የማይረቡ ኮርማዎች።

እናቴ ያለችው ጥላዬ ቤት ነው። ከደጄ ሆኜ የቤቷን ጭስ አያለሁ። በመካከላችን ሐዲዱና ትንሽ ሜዳ ብቻ ነው ያለው፤ ጮኼ ብጠራት ትሰማኛለች። ግን አልሄድም። ብሄድ ወንድሜ ያባርረኛል፣ ብመለስ ባሌ ይፈታኛል። የመጀመሪያዎቹን ወራት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አገኛት ነበር፤ ለዚያ መሐላ አልተማለም፣ እግዜር ይመስገን። በኋላ ግን እግሯ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ አልጋ ላይ ዋለች። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ሰው የሚነግረኝን ብቻ ሆነ። «ዛሬ ሾርባ ጠጥታለች»፣ «ዛሬ ስምሽን ጠርታለች»። ስሜን ጠርታለች ያለችኝን ሴት አቅፌ አለቀስኩ፤ ሴትዮዋ የሽንኩርት ነጋዴ ናት፣ ደንግጣ ሽንኩርቷን ጥላልኝ ሄደች። ማታ ለደምሴ «እናቴ ልትሞት ነው» አልኩት። «ወንድምሽ ይምጣና ይቅርታ ይጠይቀኝ» አለኝ። ለጥላዬም ሰው ላኩበት። «ባልሽ ይምጣና ይቅርታ ይጠይቀኝ» አለ።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይወድቃል። ተበዳዩ ይቅር ካለ በገዛ እጁ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ካላወረደ ይቅር አላለም ማለት ነው። ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ተመላለሱ። «ማን ይሸከም?» ሲባል ሁለቱም አንዱ ሌላውን ይጠቁማል። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ቦሩ ነበሩ፤ ከአዳማ በፊት አዳማ የነበሩ፣ ከብታቸው እስከ አዋሽ የሚወርድ ኦሮሞ፣ አማርኛ ሲናገሩ ቀስ ብለው፣ ሲቆጡ ግን በኦሮምኛ። ፋሲካ ሲደርስ በዋርካው ሥር ትልቁ ውድድር ይደረጋል፤ ያሸነፈ ሙክትና አንድ ካባ ይሸለማል። ዕጣ ሲወጣ የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ ደምሴና ጥላዬ ሆኑ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አባ ቦሩ ግን ብድግ ብለው «ጋሪዳ!» አሉ፣ ደግ ነው ማለታቸው ነው። «ሰንጠረዥ አጣላችሁ፣ ሰንጠረዥ ያስታርቃችሁ። የተሸነፈ ድንጋዩን ተሸክሞ ያሸነፈው ደጅ ይሂድ። ያሸነፈው ያውርድለት። አለቀ።» ሁለቱም ሳያቅማሙ እሺ አሉ፤ ማን እሸነፋለሁ ብሎ ያስባል?

እኔ ያን ዕለት ደስታ ሊገድለኝ ነበር። ለኔ እኮ ማንም ይሸነፍ ማን ግድ የለኝም! ባሌ ቢሸከምም፣ ወንድሜ ቢሸከምም፣ ድንጋዩ ሲወርድ መሐላውም አብሮ ይወርዳል። በማግሥቱ እናቴ አልጋ ሥር ነኝ። ለፋሲካ ያስፈተልኩትን ጋቢ አጣጥፌ አስቀመጥኩላት።

የፋሲካ ማግሥት እንደዚያ የሞላ ዋርካ አላየሁም። ሰው ቅርንጫፍ ላይ ሁሉ ወጥቷል። ግሪኩ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። አባ ቦሩ ከሐዲዱ ዳር ያስመጡት ጥቁር ሻካራ ድንጋይ ከገበታው አጠገብ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ላለማየት ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰላምታ አልተለዋወጡም። «ታኣ!» አሉ አባ ቦሩ፣ ተቀመጡ ማለታቸው ነው፤ ሁለቱም ተቀመጡ። ወረራው እንደተጀመረ እጃቸው እንደ እብድ ተሯሯጠ። ጠጠር ነው የሚያንቀሳቅሱት ወይስ እየተቧጨሩ ነው አይለይም። ደምሴ ቀድሞ በላ። «በላሁ! ይሄኛውስ መሬት ነክቷል ወይስ አየር ላይ ነው?» አለ። የጥላዬ ከንፈር ነጣ።

ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ሆነ፤ ፀሐዩ እየወጣ፣ ጥላው እየሸሸ፣ እነሱም ከጥላው ጋር ምንጣፉን እየጎተቱ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ያን ቀን መጥፎ ተጫወቱ። ጥላቻ ዐይን ይጋርዳል። ጥላዬ ፈርዙን እንደ ሞኝ አስበላ። ደምሴ አንድ ፈረሱን የትም ጥሎ ጥሎ በመደቅ አስበላው፤ አዝማሪው ያቺን የፈረስ ግጥም ሲደግምበት መሰንቆውን ሊሰብርበት ተነሳ፣ ሰው ያዘው። «ተቀመጥ እንጂ፣ ሚዛንህ ተዛባብህ?» አለው ጥላዬ። «ቀረጥ ልትጥልብኝ ነው?» አለው ደምሴ። «አንተ ላይ ምን ይቀረጣል? ባዶ ስልቻ!» ሕዝቡ አልሳቀም። ሌላ ጊዜ በዚህ ይሞት ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ድንጋዩን ያየዋል።

ወደ እኩለ ቀን ሲሆን ጥላዬ አለቀለት። ንጉሡ ጥግ ገብቷል። ከሹማምንቱ፣ ከመደቅ በላይ ካሉት ጠጠሮች፣ የቀረው አንድ ፊል ብቻ ነው፣ ሁለት መደቅም አሉት። ደምሴ ሁለት ደር፣ አንድ ፈረስ፣ የመደቅ መንጋ አለው። ተራውም የደምሴ ነው። እኔ በሴቶቹ መካከል ቆሜ ገበታውን አየሁ። አንዱን ደር ወደ ጥጉ ቢስበው ንጉሡ ሞተ። አንድ እርምጃ! የሚያመልጥበት የለም፣ የሚከልለው የለም። እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። ደምሴም አይቶታል፤ እጁን ዘረጋና ደሩን ያዘ።

ያኔ ጥላዬ ቀና አለና፣ ከጠዋቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈገግ አለ።

«በደር ነው?» አለው። «አይ ደምሴ! በደር ግደለኝ እንግዲህ። በደር ሕፃንም ይገድላል። ያባቴ ቤት ልጅ ያገባ ወንድ፣ በደር!»

ይሄ ነገር ለዛሬ ሰው አይገባውም፤ ለዛሬ ሰው ንጉሥ ከሞተ ሞተ። ያኔ ግን አሟሟቱ ይታይ ነበር። በደር መግደል የሰነፍ ነው፣ ያፍሩበታል። በፊል ሲሆን ይመሰገናል። በመደቅ፣ በዚያ በተራው ወታደር የገደለ ግን ስሙ ዓመት ሙሉ ይወራለታል፣ የተገደለውም ዓመት ሙሉ አንገቱን ይደፋል። ደምሴ ደሩን እንደያዘ ቀረ። የጆሮው ጫፍ ሲቀላ ከቆምኩበት ታየኝ። ያን ጆሮ አውቀዋለሁ።

«ግደለው!» ብዬ ጮህኩ። ሴት በዚያ መካከል አትጮህም፤ ጮህኩ። «ደምሴ! በደሩ ግደለው! ስለ እናቴ!»

አልሰማኝም፤ ወይም ሰምቶኛል። ደሩን ለቀቀው። «በመደቅ ነው የምገድልህ» አለ። «አባትህም በመቃብሩ ይሰማ።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል። መደቁን ሊያስገባበት የፈለገውን ቤት የጥላዬ ፊል ይጠብቀዋል። መደቁ እዚያ ቤት ቢገባ ፊሉ ይበላዋል። ስለዚህ ደምሴ መጀመሪያ መንገዱን ልጥረግ አለ። ፈረሱን አነሳ፣ ፊሉን በላ፣ «በላሁ!» ብሎ የተበላውን ፊል ጥላዬ ጉልበት ላይ ወረወረው። ደጋፊዎቹ እልል አሉ። ከዚያ እልልታው እየቀጠነ እየቀጠነ ጠፋ። አባ ቦሩ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። ደምሴ ብቻ አልገባውም፤ ዙሪያውን ያያል።

«ቁጠር እስኪ» አለው ጥላዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስንት ሹም አለኝ?»

አንድም። በኛ ደንብ ሹማምንቱ ሁሉ አልቀውበት ከመደቆች ጋር ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም። ነውር ነው። ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል፣ እኩል ነው። ይህንን ደምሴ ያውቃል፣ ልጅ ሆኖ ነው የተማረው፣ ሌሎችን ሲያስተምርም ሰምቼዋለሁ። የዚያን ዕለት ግን ከጥላዬ አንገት በቀር የሚታየው ነገር አልነበረም። ጥላዬም ሆን ብሎ ነው ደሩን ያስጣለው፤ ያችን ፊል እንዲበላለት። ብልጠቱን ልወድለት አልቻልኩም። ቢሸነፍ ምን ነበረበት? አንድ ድንጋይ፣ አንድ ሜዳ!

ሁለቱም ከውድድሩ ወጡ። ሙክቱንና ካባውን በኋላ አንድ የመቂ ሰው ወሰደው፣ ስሙንም ረስቼዋለሁ። አባ ቦሩ ወደ ድንጋዩ እያመለከቱ «እኩል ከሆናችሁ ሁለታችሁም ተሸከሙ፣ ሐዲዱ ላይ ተገናኙ» አሏቸው። «ያልተሸነፈ አይሸከምም» አለ ጥላዬ። «እኔ ገድዬው ነበር፣ ሁሉም አይቷል» አለ ደምሴ። «ገድዬው ነበር!» ይላል ደጋግሞ፣ ገበታውን እያሳየ፣ እዩልኝ እያለ። አባ ቦሩ በኦሮምኛ የተናገሩትን አልጽፈውም።

ደሜ ፈላ። ነጠላዬን አደገደግኩ። ሰዎቹን እየገፈታተርኩ መሐል ገባሁና ያንን ድንጋይ አነሳሁት። ከበደኝ፤ በጉልበቴ አስደግፌ ጫንቃዬ ላይ ጣልኩት።

«አንቺ ምን በደልሽ?» አሉኝ አባ ቦሩ።

«ምንም፣ አባ ቦሩ። ወንዶቹ ሥራ ስለበዛባቸው ነው» አልኳቸው።

ሄድኩ። ከኋላዬ ደምሴ «አስካለ! ተመለሺ! መሐላ አለብኝ!» ይላል። ጥላዬ «እንዳትረግጪ! ደጄን እንዳትረግጪ!» ይላል። ከመስቀል ጀምሮ ሁለቱ ስለ እኔ ሲስማሙ ያን ቀን ብቻ ሰማሁ። ድንጋዩ ሻካራ ነው፣ አንገቴን ይልጠኛል፣ ላቤ ሲገባበት ያቃጥለኛል። ሐዲዱን ስሻገር እግሬ ተንሸራተተ፣ አልወደቅኩም። የመሐላውን ነገር የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ አልፈታኝም። ደምሴ በከንቱ ስለማለ ቄሱ ጾምና ስግደት አዘዙበት፤ ጉልበቱ ተላልጦ እያነከሰ ሲገባ ሳየው እሰይ አልኩ፣ ቅባትም አልቀባሁለት። ከወንድሜ ጋር ግን እስኪሞቱ ድረስ ቃል አልተለዋወጡም። በለቅሶ ቤት አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣ ነበር። ከደምሴ ጋር ብዙ ዓመት ኖርኩ፣ ልጆች ወለድኩለት፣ ቀበርኩት፤ ያችን ደር ግን አንድም ቀን አልተውኩለትም።

ያን ቀን የወንድሜ ደጅ ስደርስ ጥላዬ በሌላ በኩል ሮጦ ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆሟል። እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሯል፤ ድንጋዩን ከነካ ይቅር አለ ማለት ነውና እጁን ከራሱ ይጠብቀዋል። ሕዝቡ ተከትሎን ግቢውን ሞላው። ደምሴ ብቻ ከሐዲዱ ማዶ ቀርቷል። ተንበረከክኩ።

«ጥላዬ፣ አውርድላት» አሉ አባ ቦሩ።

«አላወርድም! የበደለኝ እሷ አይደለችም። የበደለኝ ይሸከም።»

«አንገቷ ደምቷል!»

«አላወርድም!»

አንገቴ ሊቀነጠስ ደርሷል፣ መሬት መሬቱን ነው የማየው። ከቤት ውስጥ የሚጎተት እግር ድምፅ መጣ። «ዞር በል» የሚል ድምፅም መጣ። ጥላዬ ዞር አለ። ቀና ማለት ስለማልችል መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው፤ እንዴት እንዳበጠ! እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከአልጋ ከወረደች ወራት ሆኗታል ብለውኝ ነበር። ጎንበስ አለች፣ ትንፋሿ እያፏጨ፣ በሁለት እጆቿ ድንጋዩን ከጫንቃዬ ገፋችው። መሬት ላይ ወደቀ። እኔ ስቅስቅ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ፊቷ ከስቶ ዐይኗ ብቻ ቀርቷል። አገጬን በጣቷ ቀና አደረገችኝ። ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ፣ ልጄ ትለኛለች፣ ናፍቀሽኝ ነበር ትለኛለች እያልኩ ጠበቅኩ።

«ማን ረታ?» አለችኝ።

«ማንም፣ እምዬ። እኩል ወጡ።»

«እንዴት እኩል?»

«ደምሴ ደሩን ይዞ ነበር። አንድ እርምጃ ነበር የቀረው። በመደቅ ካልገደልኩ ብሎ የመጨረሻውን ፊል በላው።»

እናቴ ከኔ ራስ በላይ አሻግራ ወደ ሐዲዱ ማዶ፣ ደምሴ ብቻውን ወደቆመበት አየች። ከዚያ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባት፣ ትከሻዬን ይዛ እስኪያልፍላት ሳለች።

«እሰይ የኔ አማች!» አለች። «በደር ገድሎት ቢሆን ኖሮ፣ ልጄን ለምን ዓይነቱ ሰው ሰጠኋት ብዬ አፍር ነበር።»

ልምታት ወይስ ልሳማት ግራ ገባኝ። ሳምኳት።